የቦሩ መዝጊያ በጃርሶ ጠመንጃ

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሞያሌ ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ፈንድቶበት ነው?» ይለኛል። ጠመንጃ የሚጠግን ሰው ሞተ ሲባል ሌላ አሟሟት አይታያቸውም። አይደለም እላለሁ። ጠመንጃ አልገደለውም። ኡራን ወደምትባለው መንደር ሲሄድ የተሳፈረበት ፒኪፒኪ፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ተገልብጦ ነው። ሰውዬው «ፖሌ ሳና»፣ በጣም አዝናለሁ፣ ብሎኝ ያልፋል። ወደ ኡራን ለምን ይሄድ እንደነበር ግን ማንም አይጠይቀኝም። ቢጠይቁኝም በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። መጻፍ አልለመድኩም፤ ነገሩ ወዲያና ወዲህ ቢልብኝ ይቅርታ።

ስሙ ታደሰ ነው። ኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ግን ታደሰ ብሎ የሚያውቀው የለም። ፉንዲ ታዴ ነው። ፉንዲ በስዋሂሊ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። የብረት በር ይበይዳል፣ የጋሪ አክስል ያቃናል፣ የተሰበረ የሎሪ ስፖንዳ፣ የጭነቱን የጎን መከለያ፣ ይጠግናል። ከዚህ ሌላ የሪዘርቮቹን ጠመንጃ የሚያየው እሱ ነበር። ሪዘርቭ የምንላቸው በየመንደሩ ከብትና ውሃ እንዲጠብቁ መንግሥት ያስታጠቃቸው ሰዎች ናቸው። የያዙት ጠመንጃ ከእነሱ በዕድሜ የሚበልጥ የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው። የፖሊስ ጣቢያው ሳጅን ሥራውን ያውቃል፤ ሪዘርቭ ያልሆነ ሰው ጠመንጃ ይዞ ከመጣ ወንድሜ ከበሩ ላይ ነው የሚመልሰው።

እኔ ረዳቱ አልነበርኩም። ፎርም ፎር፣ ሁለተኛ ደረጃን፣ ስጨርስ ከወርክሾፑ አጠገብ ኪዮስክ ከፈትኩ፤ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ኤርታይም፣ የስልክ ሂሳብ፣ እሸጣለሁ። በመሃላችን ያለው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ብየዳው ሲቆም የሚናገረው ሁሉ ይሰማኛል። እሱም ሊያናግረኝ ሲፈልግ አይጠራኝም፤ ቆርቆሮውን በመዶሻው እጀታ መታ መታ ያደርጋል። እኔ «አቤት ጋሼ» እላለሁ። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው።

የጠመንጃውን ሥራ ያስተማረው አባታችን ነው። አባታችን በድሮው የኢትዮጵያ ጦር ውስጥ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ጦሩ ሲበተን ታደሰን በጀርባው አዝሎ፣ ከእማዬ ጋር በዚህ ድንበር ተሻገረ። እኔ የተወለድኩት እዚሁ፣ ብዙ ቆይቶ ነው። አባታችን ሲሻገር ኪሱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ የብረት መለኪያዎች ነበሩ። ሌላ ንብረት አላመጣም። እማዬ እስከ ዛሬ ትስቃለች፤ «ሰው ወርቅ ይዞ ይሰደዳል፣ የኔ ባል ቁራጭ ብረት» ትላለች። አንደኛውን «ግባ»፣ ሁለተኛውን «አትግባ» ይላቸው ነበር። ወንድሜም ስማቸውን አልቀየረም። ጠመንጃ ሲመጣለት በጥይቱ ቦታ መጀመሪያ «ግባ»ን ይከታል፤ መዝጊያው በላዩ ላይ መዘጋት አለበት። ቀጥሎ «አትግባ»ን ይከታል፤ መዝጊያው በላዩ ላይ መዘጋት የለበትም። መዝጊያ የምለው ስናቀባብል በእጃችን የምንገፋውን፣ ጥይቱን ከኋላ ዘግቶ የሚይዘውን ብረት ነው።

ወንድሜ ሰው ሲመጣ ለሰላምታ አይቸኩልም። መጀመሪያ «ቀለሃ አለህ?» ይላል። ከተተኮሰው ጥይት የቀረውን ባዶ ቀለሃ ማለቱ ነው። ይቀበልና ወደ ፀሐይ ያዞረዋል። ጫፏ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አለችው፤ በቀለሃው አፍ አስገብቶ ወደ ታች፣ ቂጡ አካባቢ፣ ግድግዳውን ይዳብሳል። ሲዳብስ ዓይኑን ይጨፍናል። ሽቦዋ የሆነ ጎድጎድ ያለ፣ ብረቱ የሳሳበት ቦታ ላይ ከተያዘች ፊቱ ይለወጣል። ካልተያዘች ብቻ ነው «እሺ፣ እንዴት ከረማችሁ፣ ዝናብ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው» የሚለው። አንዳንዶቹ ይሰለቻሉ። «ፉንዲ፣ እኔ ሰው ነኝ፣ መጀመሪያ እኔን ሰላም በለኝ» ይሉታል። «አንተማ ደህና ነህ፣ በእግርህ መጥተሃል» ይላቸዋል።

ጃርሶ የመጣው በገበያ ቀን ነው። የጎልቦ ቆላ ሰው ነው፤ ግመል አርቢ፣ ሪዘርቭ፣ ረጅም፣ ቀልደኛ። ከወንድሜ ጋር እኩዮች ናቸው፤ ስድብ እንጂ ደህና ንግግር የላቸውም። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈና ከኪሱ ቁራጭ ቀለሃ አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ።

ወንድሜ ቁራጩን አንሥቶ አየው። «ግማሹስ?»

«ውስጥ ቀርቷል። ለሱ እኮ ነው የመጣሁት። ጅብ ላይ ተኮስኩ፣ ጅቡ ሄደ፣ ቀለሃው ተቆርጦ ቀረ። አውጣልኝና ልሂድ፣ ሎሪው ያመልጠኛል።»

«ሎሪው ይሂድ» አለው ወንድሜ።

የቀረውን ግማሽ አወጣለት። ከዚያ «አትግባ»ን አስገባ። እኔ ሻይ ላደርስለት ገብቼ ቆሜ ነበር። መዝጊያውን ወደፊት ገፋው። ምንም ሳያስቸግር ተዘጋ። ወንድሜ ከፈተው፤ እንደገና ዘጋው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ጃርሶ፣ ይሄ መዝጊያ ያንተ አይደለም።»

«ፉንዲ፣ ዛሬ ጫት በዝቶብሃል።» ወንድሜ ጫት ቅሞ አያውቅም።

«ያንተ አይደለም እያልኩህ ነው።»

«ያው ይገባል፣ ይዘጋል፣ ይተኩሳል! የኔ ካልሆነ እንዴት ይገባል?»

«እሱ ነው ጉዳቱ። ስለገባ ያንተ መሰለህ።» አንድ ያልተተኮሰ ጥይት አንሥቶ ቂጡ ዙሪያ ያለውን ጠርዝ በጥፍሩ አሳየው። «ይሄ ከንፈሯ ነው። ስትገባ በዚህ ከንፈር ማደሪያዋ አፍ ላይ ታርፋለች። መዝጊያው ከኋላ መጥቶ ይይዛታል። በመሃል ጥይቷ የምትላወስበት ትርፍ ክፍተት መኖር የለበትም። ካለ፣ ስትተኩስ ቀለሃው በእሳቱ ይነፋና ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ቂጡ ግን መዝጊያውን ፍለጋ ወደ ኋላ ይሄዳል። ፊቱ ቆሞ ኋላው ሲሄድ መሃሉ ምን ይሆናል?»

«ይሳባል።»

«ይሳባል፣ ይሳሳል፣ ይበጠሳል። ሲበጠስ እሳቱ መውጫ ያገኛል።»

«ወዴት?»

«አንተ ስታነጣጥር ጉንጭህን የምታሳርፈው የት ነው?»

ጃርሶ ሳያስበው ጉንጩን ነካ። ከዚያ ሳቀ። «ክፍተቱ ስንት ነው?»

«ሁለት ሦስት ምላጭ ብትደራርብ ነው።»

«በምላጭ ነው የምታስፈራራኝ! እኔኮ አንበሳ ያባረርኩ ሰው ነኝ።»

ወንድሜ አልሳቀም። የመዝጊያውን እጀታ በጨርቅ ጠረገና ጫፉ ላይ ያለችውን ክብ ብረት ደጋግሞ አየ። «ይቺን እኔ ነኝ የበየድኳት። ተሰብራ መጥታልኝ። የቦሩ ናት፣ የኡራኑ ቦሩ። ያንተን መዝጊያ እሱ ይዞታል ማለት ነው። የት ተገናኛችሁ?»

ያን ጊዜ ጃርሶ ነገሩን ተረከልን። ሲናገር ቀልዱ ጠፍቶ ነበር። ተጣልተው የነበሩት የሱ ወገንና የቦሩ ወገን በሚያጠጡበት የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ዕርቅ ተደርጎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት ጠመንጃ የያዘ ሁሉ መዝጊያውን እንዲያወጣ አዘዙ። መዝጊያዎቹ አንድ ቁርበት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ቁጭ አለ። በዚያ ማንም በማንም ላይ መተኮስ አይችልም። ዕርቁ እንዳለቀ ዝናብ መጣ። ለወራት የጠፋ ዝናብ ነው። ሰው አብዶ ተቃቀፈ፣ ዘፈነ፣ ከብቱን ሊያይ ሮጠ። ሲሮጥ ከቁርበቱ ላይ እጁ የገባለትን አነሣ።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነበራ!» አለ ጃርሶ።

«አንድ ዓይነት ይመስላሉ። እያንዳንዱ መዝጊያ ከገዛ ጠመንጃው ጋር ተለክቶ ነው የሚገጠመው» አለ ወንድሜ።

እንግዲህ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሁለት ሰዎች ተቀያይሮባቸዋል፤ ይለዋወጡ። ችግሩ ዕርቁ አለመቆየቱ ነው። በጉድጓዱ ተራ ላይ እንደገና ጠብ ተነሣ፣ ሰው ተደባደበ፣ ሰው ቆሰለ። ጃርሶ የቦሩን ስም ለመጥራት እንኳ አይፈልግም ነበር። ለዚያ አሮጌ ጠመንጃ መለዋወጫ ደግሞ የለም፤ ከጠፋ ቆይቷል። ሳጅኑ በጠቡ ምክንያት ሁለቱንም ጠርቶ ነበር፤ ቦሩ አልመጣም።

ወንድሜ «ጠመንጃውን እዚህ ተወው» አለው ለጃርሶ።

«ግመሎቹን አንተ ትጠብቅልኛለህ?»

«እንግዲያው አትተኩስ።»

«ለጅቡ ምን ልበለው? ፉንዲ ከልክሎኛል ልበለው?» ብሎ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።

ወንድሜ በዚያው ቀን ቦሩ ጋ ደወለ። የሱ ስልክ ባትሪ ስለሌለው በኔ ነው የደወለው፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ነገሩን አስረዳው። ቦሩ ረጋ ያለ፣ ከሁለታችንም በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነው።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ ቦሩ። «አልዘጋ እያለኝ ነው። በመዳፌ መትቼ ነው የምዘጋው።»

«እንዳትመታው! ላንተ ጠብቦሃል፣ ለሱ ሰፍቶታል። ሳይዘጋ ቢተኩስብህስ?»

«እሺ ፉንዲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሱን መዝጊያ ብልክለት ጠመንጃው ደህና ይሆናል?»

«ደህና ይሆናል።»

«ደህና ሲሆን ማን ላይ ነው የሚተኩሰው?»

ወንድሜ መዶሻውን ከጠረጴዛው አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ሎሪ በውጭ አለፈ። ወንድሜ «ማንም ላይ እንዲተኩስ አልፈልግም። ግን ጅብ ላይም ተኩሶ ፊቱ እንዲጠፋ አልፈልግም። አንተም እንደዚሁ» አለ።

«አውቃለሁ፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አለ ቦሩ። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ሌላ ሰው ሆነ ልበል? ሥራውን ይሠራል፣ ይቀልዳል። ግን ከጎልቦ ሎሪ በመጣ ቁጥር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይወጣል። «ጃርሶን አያችሁት?» ይላል። አየነው ይሉታል። «ዓይኑስ?» ይላል። ሾፌሮቹ ይስቃሉ። «ዓይኑ ምን ይሆናል? አንተ ዓይን ሐኪም ሆንክ እንዴ?» ይሉታል። ከዚያ የመጣ ሰው ሁሉ ከሩቅ ሲያየው፣ ሳይጠየቅ «ዓይኑ አለ!» እያለ መጮህ ጀመረ። ቀልድ ሆነ። ወንድሜ እጁን አንሥቶ ያመሰግናቸዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን የመጣው ሾፌር አልጮኸም። ጃርሶ ራሱ ከሎሪው ወረደ። የቀኝ ጉንጩ ጠቁሯል፣ የዓይኑ ቆብ አብጧል። ወንድሜ ሮጦ ሄዶ አገጩን ያዘና ፊቱን ወደ ብርሃን አዞረው። ጃርሶ እንደ ሕፃን ዝም ብሎ ቆመለት።

«ታያለህ?»

«አያለሁ። ያንተን መልክ አያለሁ፣ ምን ያደርጋል!»

ወንድሜ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ጃርሶ ወርክሾፑ ውስጥ ገብቶ መዝጊያውን ከጠመንጃው አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ውሰደው» አለ። «እኔ መጀመሪያ ሰጥቻለሁ። ለቦሩ ንገረው።»

እንደገና ደወልን። ይኸኛው ንግግር አጭር ነበር።

«ጃርሶ መዝጊያህን ሰጥቶኛል» አለ ወንድሜ። «ይዤልህ ልምጣ። ያንተን ሰጥቼህ የሱን እቀበልሃለሁ።»

«ሰጠህ? ራሱ?» አለ ቦሩ። «አንተ ራስህ ከመጣህ እሺ። በሎሪ ሾፌር እንዳትልክ።»

«ለማንም አልሰጥም፣ አንተም ለማንም እንዳትሰጥ። ከእጅ ወደ እጅ ካልሆነ ደግሞ ይቀላቀላል።»

በማግስቱ ጠዋት ሄደ። እኔም ልምጣ አልኩት። «አንተ ምን ልታደርግ? በር ያዘዘው ሰውዬ ሊወስደው ይመጣል፣ ማጠፊያው ላይ ቀለም ቀባልኝ» አለኝ። መዝጊያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተው። ከባለ ፒኪፒኪው ልጅ ጀርባ ተቀመጠ። ሲሄድ አላየሁትም፤ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው መጥቶብኝ ነበር።

በአንድ ሎሪ ጭነው አመጡት። ልጁ እግሩ ተሰብሮ ተርፏል። ወንድሜ ግን ጭንቅላቱን ነበር የተመታው። ሆስፒታል ስደርስ ይተነፍሳል፤ አያውቀኝም። እጁን ይዤ «ጋሼ» አልኩት፣ ደግሜ «ጋሼ» አልኩት። ነርሷ ልብሱን በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ፌስታሉ ከበደኝ። ለምን እንደከበደኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጨርቁ እንደተጠቀለለ ነበር። እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜ በአንድ እጄ ፌስታሉን ይዤ ሳለሁ ነው የሞተው። ስለዚያ ሰዓት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ድንኳኑ ደጃችን ላይ ተተከለ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ፣ የመስጊድ ሰዎች መጡ፣ የሎሪ ሾፌሮች መጡ። በአንድ ወቅት በሩን የበየደላቸው ሁሉ መጡ። ከቀብሩ ማግስት ጃርሶ መጣና ከመግቢያው አጠገብ ተቀመጠ። ጉንጩ ገና አልዳነም። ብዙም ሳይቆይ ቦሩ ገባ። እንደሚመጣ ማንም አልነገረኝም። ጃርሶን አየው፤ ዞር ብሎ ከወዲያኛው ጥግ ተቀመጠ። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው። እዚህ አገር ለቅሶ ቤት መሣሪያ ይዞ የሚመጣ የለም፤ ነውር ነው።

እኔ መዝጊያውን ከሆስፒታል ጀምሮ ከኔ አልለየሁትም፤ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም ነበር። ሁለቱን አንድ ድንኳን ውስጥ ሳያቸው ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። አሁን ያልቃል አልኩ። ወንድሜ ሞቶም ቢሆን አገናኛቸው አልኩ። ወደ ቦሩ ሄጄ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሽ ቦሩ፣ መዝጊያህ እኔ ጋ ነው። የጃርሶን ስጠኝና ያንተን ውሰድ።»

ቦሩ አተኩሮ አየኝ። «ልጄ፣ ለቅሶ ቤት መዝጊያ ይዞ ይመጣል? ጠመንጃው ውስጥ ነው፣ ኡራን፣ ቤቴ።»

ትክክል ነው። ማን ይዞ ይመጣል?

ጃርሶ ከወዲያ ሆኖ ሰምቷል። ተነሥቶ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አጠገባችን መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ሰዎች ከተጣሉ ጀምሮ ሲነጋገሩ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ለኔ ብሎ ነው የሞተው» አለ ጃርሶ።

«እኔ ጋ ሲመጣ ነው የሞተው» አለ ቦሩ። «እኔ በጊዜ ብሄድ ኖሮ አይመጣም ነበር።»

«ይህን ለጃርሶ ልመልስለት?» ብዬ ጠየቅሁ። ማንን እንደጠየቅሁ አላውቅም። ወንድሜን መሰለኝ። ለጃርሶ ብመልስለት ጠመንጃው ይተኩሳል፣ ግን በዚያው ፊቱ ላይ ነው። ለቦሩ ብሰጠው የቦሩ ጠመንጃ ደህና ይሆናል፤ የጃርሶ ግን የሱ መዝጊያ እስኪመጣ ባዶ ብረት ነው። እኔ ጋ ቢቀመጥ ለሁለቱም አይሆንም። ከድንኳኑ ማዶ እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ቀና አለችና «ያንን ብረት ከቤቴ አውጡልኝ» አለች። ጮክ ብላ አልነበረም። ሁሉም ግን ሰማት።

ጃርሶ አየኝ። «ስጠው» አለኝ።

«ላንተስ?»

«የሱ ነው። ስጠው። የኔን ይመልስልኛል።»

ጨርቁን ፈትቼ ለቦሩ ሰጠሁት። ቦሩ በሁለት እጁ ተቀበለ። «በዚህ ሰው ነፍስ፣ ያንተን እመልሳለሁ» አለው። ጃርሶ «ሳዋ» አለ፤ እሺ ማለት ነው። ተያይዘው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ያን ቀን ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ዝናቡ ጀመረ። የኡራን መንገድ ተቆረጠ፤ ወንድሜ የወደቀበት ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ሎሪ የሚያሳልፍ አልሆነም። ቦሩ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ደወለልኝ።

«ልጄ፣ የሱ መዝጊያ በእጄ ነው። የኔን ጠመንጃ አስተካክዬዋለሁ፤ አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል። ወንድምህ እውነቱን ነበር።»

«ታዲያ ላከው፣ ጋሽ ቦሩ።»

«በማን? በእግር ወደዚያ የሚሄዱ ልጆች አሉ። ግን ወንድምህ ለማንም አትስጥ ብሎኛል፤ ከእጅ ወደ እጅ ካልሆነ ይቀላቀላል ብሎኛል። መንገድ ላይ ቢወስዱትስ? ሌላ ጠመንጃ ውስጥ ቢገባስ? እኔ ራሴ ልመጣ ስል ደግሞ ሰዎቼ ከለከሉኝ። ጃርሶ ጋ ከሄድክ እንዳትመለስ አሉኝ። ሰሞኑን ሌላ ጠብ ተነሥቷል፣ አልሰማህም?»

አልሰማሁም ነበር።

«እኔ ልምጣና ልውሰደው» አልኩት። በእግሬም ቢሆን ወንዙ ሲጎድል እሻገራለሁ ብዬ ነበር። ለእማዬ ነገርኳት። ጠዋት ስነሣ ጫማዬ የለም። ፈለግሁት፤ እሷ አልጋ ላይ አቅፋው ተኝታለች። ጫማውን ከእጇ ላወጣ እጄን ዘረጋሁ፣ እንደዘረጋሁ ቆየሁ፣ መለስኩት። በነጠላ ጫማ ወደ ኪዮስኩ ሄድኩ።

ስለ ወንድሜ ስጽፍ ሰዎች ደግነቱን እንድጽፍ ይፈልጋሉ። ደግ ነበር። እኔ ግን የማስበው ያቺን ዓይኑን ጨፍኖ በሽቦ የሚዳብሳትን ነገር ነው። ማንም የማያያት ቦታ ላይ ብረት እየሳሳ መሆኑን እሱ ብቻ ነበር የሚያውቀው። አውቆም ያገኘው ነገር ቢኖር «ዓይኑስ?» እያለ መንገድ ላይ መቆም ነው። እኔ ደግሞ ያንን እንኳ አላውቅም። ሽቦዋን አንሥቼ ሞክሬያለሁ። ምንም አይሰማኝም።

ጃርሶ ባለፈው የገበያ ቀን መጣ። ወርክሾፑ ተዘግቷል፤ ኪዮስኩ በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት።

«ቦሩ ደወለ?»

«ኔትወርክ የለም።»

«ይመልሳል፣ እሱ ውሸታም አይደለም» አለ። ሻዩን ጠጣ። «ትናንት ማታ ሰፈራችን አጠገብ ሰዎች አልፈዋል። የማን እንደሆኑ አላወቅንም፣ ዱካቸውን አየን። ግመሎቹን ወደ ቤት አቅርቤያለሁ።»

«ጋሽ ጃርሶ፣ ሳጅኑ ጋ ልሂድ? ሌላ ጠመንጃ እንዲሰጡህ ልጠይቅ?»

«ሄጃለሁ። ጠብቅ ብለውኛል።»

ከዚያ ጠየቀኝ። ከመጣ ጀምሮ ሊጠይቀኝ የነበረው እሱ መሰለኝ። «ታዴ ቢኖር አሁን ምን ይለኝ ነበር?»

አሰብኩ። እውነት አስቤያለሁ። ወንድሜ አንድ ነገር ይል ነበር፤ ቀልዶም ቢሆን፣ ተሳድቦም ቢሆን ይል ነበር። «አላውቅም» አልኩት።

«እኔም አላውቅም» አለ።

ተነሣ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። መዝጊያው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ከወዲያ በኩል ያለው ብርሃን ይታይበታል። አንገቱ ላይ ጣል ያደረገውን ጨርቅ አወረደና ባዶውን ቦታ ሸፍኖ በሁለት ዙር አሰረው። «አቧራ እንዳይገባ» አለኝ። ሁለታችንም ለአቧራ እንዳልሆነ እናውቃለን። ጎልቦ ያሉት ሰዎች፣ ዱካቸውን የተዉትም ሰዎች፣ ባዶ መሆኑን እንዳያውቁ ነው።

ወደ ሎሪዎቹ ሄደ። መንገዱ ላይ የሚያውቁት ሰዎች እጃቸውን አነሡለት፤ እሱም አነሣላቸው። አንድ ሾፌር «ዓይኑ አለ!» ብሎ ጮኸ፣ ሰዎች ሳቁ። ቆሜ አየሁት። ከሩቅ ሲታይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው።